የዳቦ መልስ

ታክሲ ውስጥ ረዳቱ 5 ብር መልስ ይዞ ዝም ካለ ምን እንደሚፈጠር ሁላችንም እናውቃለን። ከአያት እስከ ለገጣፎ ያለው መንገድ ያጥራል። «መልሴን!» ባዩ ከፊት ወንበር፣ «ስጠው እንጂ!» የሚል ደጋፊ ከኋላ፣ «ወራጅ ሳይኖር ይሰጥሃል፣ ተረጋጋ» የሚል አስታራቂ ከበሩ አጠገብ። ለ5 ብር! እንግዲህ እዚያው ታክሲ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ በዚያው ሳምንት ጤፍ ወይም ዘይት ገዝቷል። ዋጋውን ነጋዴዎች ተመካክረው የሰቀሉት ቢሆንስ? ከከፈለው መቶ ብር ላይ አሥሯ የማትገባቸው ብትሆንስ? እዚህ ላይ «መልሴን» የሚል የለም። ማንን እንደሚልም አያውቅ። ይህች ያልተጠየቀች መልስ ታሪክ አላት፤ ዛሬ የማወራችሁ እሱን ነው።

ከሩቅ እንጀምር፤ መልሱ ሲመለስ የታየው እዚያ ነውና። ካናዳ ውስጥ ሎብሎው የሚባል ግዙፍ የሱፐርማርኬት ኩባንያ አለ። እሱና የባለቤቱ ኩባንያ ጆርጅ ዌስተን እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2017 አንድ ጉድ አወጡ። የታሸገ ዳቦ ዋጋ ከ2001 ጀምሮ ለ14 ዓመታት ያህል በጋጋሪዎችና በቸርቻሪዎች ምክክር ሲጨመር እንደኖረ፣ እነሱም እጃቸው እንዳለበት አመኑ። ጽድቅ ፈልገው እንዳይመስላችሁ። በዚያ ሀገር አሠራር ከካርቴል አባላት መካከል ቀድሞ ሄዶ የተናዘዘ ከወንጀል ክስ ይድናል። እነሱም ለሀገሪቱ የውድድር ቢሮ ጉዳዩን የነገሩት ቀደም ብለው በ2015 ነበር። ዘግይቶ ያመነው ካናዳ ብሬድ የተባለው ጋጋሪ ግን በ2023 ጥፋተኛ ነኝ ብሎ 50 ሚሊዮን የካናዳ ዶላር ተቀጣ።

50 ሚሊዮኑ የገባው መንግሥት ካዝና ነው። እስከዚህ ድረስ ከእኛ ሀገር ብዙም አይለይም። ልዩነቱ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ዳቦ በላተኞች በጠበቆች በኩል የቡድን ክስ መሠረቱ። ሎብሎውና ጆርጅ ዌስተን በሐምሌ 2024 ነገሩን በ500 ሚሊዮን የካናዳ ዶላር ለመጨረስ ተስማሙ፤ ፍርድ ቤቶችም ስምምነቱን በ2025 አጸደቁት። ከ2001 መጀመሪያ እስከ 2021 መጨረሻ ድረስ ካናዳ እየኖረ ለራሱ የታሸገ ዳቦ የገዛ ሰው ድርሻውን መጠየቅ ቻለ። የ20 ዓመት የዳቦ ደረሰኝ ማን ያስቀምጣል? ደረሰኝ አልተጠየቀም። ፎርሙ የተከፈተው መስከረም 11 ቀን 2025 ነበር፤ በእኛ አቆጣጠር የ2018 እንቁጣጣሽ። ቶሮንቶ ያለ ሐበሻ አበባ አየሽ ወይ እየተባለ የዳቦ መልሱን መጠየቅ ይችል ነበር ማለት ነው። በሩ ታኅሣሥ 3 ቀን 2018 ተዘጋ።

ገንዘቡ ስንት ነው ብላችሁ አትጓጉ። 500 ሚሊዮንን ለ40 ሚሊዮን ሕዝብ ብታካፍሉት ለአንድ ሰው 12 ዶላር ከምናምን ነው፤ የጠበቆቹ ድርሻ ገና ሳይነሳ። ኩባንያው አስቀድሞ ለጠየቀው ሁሉ የ25 ዶላር ካርድ አድሎ ነበር፤ ካርዱ ግን የሚሠራው በራሱ ሱፐርማርኬቶች ነው። ሰረቅሁህ፣ ይቅርታ፣ ና ደግሞ ከእኔ ግዛ እንደማለት! ሰዉ ቢስቅበት አይገርምም። ያም ሆኖ አንድ ነገር ተመዝግቧል። ገንዘቡ የበላተኛው ነበር፤ ስለዚህ ወደ በላተኛው ይመለሳል። ትልቁ ነገር 12 ዶላሩ አይደለም፤ የገንዘቡ ባለቤት ማን እንደሆነ በፍርድ ቤት መታወቁ ነው።

«እሱ የፈረንጅ ነገር ነው» የሚል አይጠፋም። ደቡብ አፍሪካ እንሂዳ። እ.ኤ.አ. በ2006 መጨረሻ ኬፕታውንና አካባቢዋ ያሉ ትናንሽ ዳቦ አከፋፋዮች አንድ ነገር ታዘቡ። ተፎካካሪ የሚባሉት ትልልቅ ዳቦ ቤቶች በአንድ ሰሞን ዋጋ ጨመሩ፣ በአንድ ሰሞንም ለአከፋፋይ የሚሰጡትን ቅናሽ ቀነሱ። ኢምራን ሙካዳም የተባለው አከፋፋይ ነገሩን ይዞ ወደ ውድድር ኮሚሽኑ አቀና። ሲመረመር ሽርክናው እውነት ሆነ። ፕሪሚየር ፉድስ ተናዞ ዳነ፣ ታይገር ብራንድስ በ2007 ወደ 99 ሚሊዮን ራንድ ከፈለ፣ አልናዘዝም ያለው ፓዮኒየር ፉድስ በ2010 ወደ 196 ሚሊዮን ራንድ ተፈረደበት። አከፋፋዮቹም፣ የበላተኛው ወገን የሆኑ ማኅበራትም «ቅጣቱስ ለመንግሥት ገባ፣ የእኛስ?» ብለው በየፊናቸው ክስ ይዘው ቀረቡ። የታችኛው ፍርድ ቤት መለሳቸው። በ2012 ጠቅላይ ይግባኝ ሰሚው፣ በ2013 ደግሞ ሕገ መንግሥታዊው ፍርድ ቤት የቡድን ክስ እንዴት እንደሚፈቀድ መንገዱን አበጁ። ልብ በሉ፤ የደቡብ አፍሪካ ሕግ ለዚህ ዝርዝር ሥርዓት አልነበረውም። ሕገ መንግሥቱ ውስጥ አንዲት መስመር ነበረች፤ ዳኞቹ ከእሷ ተነስተው ሠሩት። ይህችን መስመር ያዙልኝ፣ በኋላ እንመለስባታለን።

አሁን ወደ ቤታችን። አዲስ አበባ እህል አታመርትም፤ የሚገባላት በበሮቿ ነው። የጎጃም ጤፍ በሱሉልታ፣ የወለጋው በቡራዩ፣ የጅማ መስመሩ በሰበታ፣ የደብረ ብርሃንና የደሴው በለገጣፎ በኩል። በእነዚህ ከተሞች የሚኖር ሰው የመኪናውን ጭነት በመስኮቱ እያየ፣ እህሉን ግን ብዙ ጊዜ መርካቶ እህል በረንዳ ገብቶ ዋጋ ከቆረጠ በኋላ መልሶ ይገዛዋል። በነዚህ በሮች ላይ ደግሞ ሁልጊዜ የሚቆም አለ። በምኒልክ ዘመን ኬላ ነበር፤ የገበያውም ሹም ነጋድራስ ነበር፤ ቀረጥ ይሰበስባል፣ በንግድ የሚጣላውንም ይዳኛል። ገበያተኛው ከሻጩ ጋር ሲጣላ የሚሄደው እንግዲህ ከሻጩ ቀረጥ ወደሚቀበለው ሰው ነው።

በንጉሡ ዘመን እህልን የሚመለከት ቦርድና ኮርፖሬሽን ተቋቁሞ ነበር፤ የከተማ ሸማቹን ግን ብዙ የነካው አይመስለኝም። ከዚያ ዘመን የሚታወሰው የዋጋ ታሪክ የነዳጅ ነው። በየካቲት 1966 ነዳጅ ሲጨምር ባለታክሲዎች ሥራ አቆሙ፣ ከተማው ተናወጠ፣ መንግሥትም ከጭማሪው ላይ ቀነሰ። የተቀነሰው የነገው ዋጋ ነው፤ የትናንቱን መልስ የጠየቀ አልነበረም። (መንግሥቱ ራሱ ከጥቂት ወራት በኋላ ወድቋልና መልስ ሰጪም አይገኝም ነበር።)

ደርግ መጣ። ደርግ ለዋጋ ነገር ቀልድ አያውቅም። ዋጋ የሚያስወድድ ነጋዴ «የኢኮኖሚ አሻጥር» ፈጻሚ ሆነ። የእርሻ ሰብል ገበያ ኮርፖሬሽን ተቋቋመ፤ ገበሬው ከገበያው በእጅጉ ባነሰ ዋጋ ኮታውን እንዲያስገባ ተደረገ። ከተሜው ደግሞ በቀበሌው የኅብረት ሱቅ ካርድ ይዞ ተሰለፈ። እህል ከክፍለ ሀገር ወደ ክፍለ ሀገር እንደልብ እንዳይዘዋወር ኬላው ጠበቀ፤ የዚያን ጊዜ ሰዎች ለዘመድ የተላከች ጥቂት ጤፍ በኬላ ለማሳለፍ የነበረውን ጭንቅ እስከዛሬ ያወሩታል። እስቲ በዛሬው ቋንቋችን እንየው። አንድ ገዢ፣ አንድ ዋጋ፣ አማራጭ የለም። ይህ ካርቴልን ይመስላል፤ የካርቴሉ ሊቀ መንበር መንግሥት ከመሆኑ በቀር። የተጎዳው ገበሬው ነበር፤ እሱም ካሳ አልተቆረጠለትም። የእህል ንግዱ የተፈታው በ1982 ነው፣ ደርግ ሊወድቅ አንድ ዓመት ከምናምን ሲቀረው።

ከዚያ ነጻ ገበያ ተባለ። ለነጻ ገበያ የሚሆን ሕግ ግን ዘገየ። ነጋዴዎች በዋጋ እንዳይመሳጠሩ የሚከለክለው የንግድ አሠራር አዋጅ ቁጥር 329 የወጣው በ1995 ነው። ሸማቹ በሕጉ ርዕስ ላይ ስሙ የተጠራው ደግሞ በ2002 ማብቂያ፣ በአዋጅ ቁጥር 685። «የንግድ አሠራርና የሸማቾች ጥበቃ» ይላል። ደስ ይላል። ይሁን እንጂ አዋጁ ለመንግሥት ሌላም ነገር ሰጥቶታል፤ በመሠረታዊ ሸቀጦች ላይ ዋጋ የመተመን ሥልጣን። ከሁለቱ የትኛው ቀድሞ ሥራ ላይ የዋለ ይመስላችኋል?

ዕድሜያችሁ የሚፈቅድ ታስታውሳላችሁ። በ2003 ታኅሣሥ መጨረሻ ንግድ ሚኒስቴር በዳቦ፣ በስኳር፣ በዘይት፣ በሥጋ፣ በሩዝ፣ በቢራና በሌሎችም ላይ የዋጋ ጣሪያ አወጀ። (ያን ጊዜ የሰበታው ሜታ አቦ ቢራ ፋብሪካ ገና የመንግሥት ነበር፤ ለዲያጆ የተሸጠው ከዓመት በኋላ እ.ኤ.አ. በ2012 መጀመሪያ ነው። መንግሥት የራሱንም ቢራ ጣሪያ አበጀለት ማለት ነው።) ነጋዴዎቹ ተመሳጥረው ነው ዋጋ የሰቀሉት ተባለ። እሺ፣ ተመሳጥረው ይሆናል። ታዲያ ምስጥር ካለ አዋጁ መንገድ ነበረው። ማን ከማን ጋር መቼ ተማከረ፣ በስንት ጨመሩ፣ ከሸማቹ ስንት ወሰዱ ተብሎ ይመረመራል፣ ይፈረዳል። የሆነው ግን ሌላ ነው። ሱቅ ታሸገ፣ ነጋዴ ታሰረ፣ ስኳርና ዘይት ከመደርደሪያ ጠፉ፣ ሰልፉ ረዘመ። ከጥቂት ወራት በኋላ ጣሪያው ከአብዛኞቹ ዕቃዎች ላይ ተነሣ። በዚያ ሁሉ ግርግር አንዲት እናት «በዘይቱ ላይ በትርፍ የከፈልሽው ይኸውልሽ» ተብላ 10 ብር የተመለሰላት አልሰማሁም።

የእኔ ቅሬታ ማሸጉ ላይ አይደለም። ሱቅ ማሸግ ሲያምር አይቻለሁ፤ ቀይ ማኅተም፣ የቴሌቪዥን ካሜራ፣ የተደበቀ ዘይት በጄሪካን ተደርድሮ። የተያዘው ዘይትም በሸማቾች ማኅበር በኩል ለሕዝብ ይሸጣል። ይሸጣል! ትናንት በትርፍ የከፈለው ሰው ዛሬ ተሰልፎ እንደገና ይከፍላል። ቅጣቱ ወደ ግምጃ ቤት፣ የዘይቱ ዋጋ ወደ ማኅበሩ፣ ዜናው ወደ ቴሌቪዥን። የሰፈሩ ሰው ከዚህ ሁሉ የሚደርሰው ዜናው ነው።

በ2006 አዋጅ 813 መጣ፤ ይህኛው የተሻለ ነው፣ መመስገን አለበት። ተወዳዳሪ ነጋዴዎች በቀጥታም ሆነ በተዘዋዋሪ ዋጋ መወሰናቸውን ይከለክላል፣ ከዓመታዊ ሽያጭ በመቶኛ የሚሰላ ቅጣት ይጥላል፣ ሸማቹ በግዢው ለደረሰበት ጉዳት ካሳ የማግኘት መብት እንዳለውም ይናገራል። ባለሥልጣን መሥሪያ ቤትም አቆመ፣ የራሱ ዳኞች ያሉት። መሥሪያ ቤቱ ግን በ2014 ፈርሶ ሥራው ወደ ንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር ተጠቀለለ። የሚተምነውም፣ የሚፈቅደውም፣ የሚከሰውም አንድ ቤት ገባ። ነጋድራስ በሱፍና በከረቫት ተመለሰ ብል ታዝኑብኝ ይሆን?

እናም በ2015 የካቲት አካባቢ የጤፉ ነገር መጣ። የኩንታሉ ዋጋ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ወደ 10,000 ብር ተጠጋ። ሱሉልታ፣ ቡራዩ፣ ሰበታና ለገጣፎ ለገዳዲ ሸገር ከተማ ተብለው በአንድ ከተጠቀለሉ ገና ወራት መሆኑ ነው። ነጋዴው «ኬላው አላሳልፍ አለን» አለ። ባለሥልጣኑ «ደላላው ነው፣ አከማችቶ ነው» አለ። ሸማቹ መሃል ላይ ቆሞ ሁለቱንም ይሰማል። የእሁድ ገበያ ተስፋፋ፤ ጥሩ ነው፣ ብዙ ቤት ረድቷል። ግን ጥያቄው ተንሳፍፎ ቀረ። ኬላው ከሆነ ያስወደደው ኃላፊው አንድ ነው። የነጋዴ ምክክር ከሆነ ሌላ ነው። ሁለቱም ከሆነ ሁለቱም ይጠየቃሉ። ማን ምን ያህል እንዳስወደደ ተመርምሮ በፍርድ ካልተለየ ማንም ስለ መልስ ሊያወራ አይችልም። «ስግብግብ ነጋዴ» የሚለው ቃል ለስድብ ይበቃል፤ ለክስ አይበቃም።

ክስ እንበል። እውነት የለገጣፎ ነዋሪ በጤፍ ወይም በዘይት ካርቴል ላይ መክሰስ ይችላል? በወረቀት ላይ በር አለ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 37 ተመሳሳይ ጥቅም ያላቸው ሰዎች ስብስብ፣ ወይም የስብስቡ አባል የሆነ ሰው፣ ፍትሕ መጠየቅ እንደሚችል ይናገራል። ያዙልኝ ያልኳችሁ የደቡብ አፍሪካ መስመር ከዚህ እምብዛም አትለይም። ችግሩ ከእሱ በታች ነው። በ1958 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጋችን በአንቀጽ 38 ብዙ ሰዎች አንድ ዓይነት ጥቅም ካላቸው አንዱ ወይም ጥቂቶቹ ለሁሉም ሊከሱ ይችላሉ ይላል። እሰይ! ከዚያ ግን ይቀጥላል፤ ሁሉም በዚህ ሰው ለመወከል መስማማታቸውን ለፍርድ ቤቱ ማሳመን ያስፈልጋል። ሁሉም! የቡራዩን ዘይት ገዢ ሁሉ ፊርማ ሰብስብ እንደማለት ነው። ካናዳ ውስጥ አልፈልግም ብለህ ካልወጣህ ውስጥ ነህ፤ እዚህ እፈልጋለሁ ብለህ ካልፈረምክ ውጭ ነህ። የዳቦ ክስ የሚኖረውም የሚሞተውም በዚህች ልዩነት ነው። ለ200 ብር ጉዳት ፍርድ ቤት የሚመላለስ ሰው የለም፤ ትራንስፖርቱ ይበልጣል። ካርቴል የሚበላውም ይህን አውቆ ነው፤ ከእያንዳንዱ ሰው ትንሽ፣ ከሁሉም ሰው።

ሌላም ቋጠሮ አለ። የአንድ ኪሎ ጤፍ መንገድ ከገበሬው ወደ ሰብሳቢው፣ ከሰብሳቢው በደላላ ወደ እህል በረንዳ፣ ከዚያ ወደ ወፍጮ ቤቱ ወይም ወደ ባለ ሱቁ ነው። ጅምላ ሻጮቹ ቢመሳጠሩ በቀጥታ የተጎዳው ከእነሱ የገዛው ባለ ሱቅ ነው፤ እሱ ግን ጭማሪውን ወደ እኛ አሳልፎታል። ታዲያ ካሳው የማን ነው? አሜሪካኖቹም በዚህ ተጨንቀዋል። ጠቅላይ ፍርድ ቤታቸው እ.ኤ.አ. በ1977 ኢሊኖይ ብሪክ በተባለው መዝገብ በፌዴራሉ ሕግ ካሳ መጠየቅ የሚችለው በቀጥታ የገዛው ነው ብሎ ዘጋው። የመጨረሻው በላተኛ በብዙ ክፍላተ ሀገራት ሕግ በጓሮ በር መግባት ነበረበት።

እዚህ ላይ ነው በየሰፈራችን ያለ፣ ሰልፉን እንጂ ሕጉን ልብ የማንለው ተቋም ትዝ የሚለኝ፤ የሸማቾች የኅብረት ሥራ ማኅበር። ስኳርና ዘይት ሲጠፋ ብቻ የምናስታውሰው። በኅብረት ሥራ ሕጋችን ማኅበሩ ከዓመቱ ትርፍ የመጠባበቂያውን ካስቀረ በኋላ የቀረውን ለአባላቱ ያከፋፍላል፤ ባላቸው ዕጣና በተሳትፏቸው መጠን። በኢትዮጵያ ምድር ለገዢ መልስ የሚመልስ ሕጋዊ አሠራር ካለ ይኸው ነው። ከዚያ በላይ ደግሞ ማኅበሩ በሕግ ሰው ነው። ይከሳል፣ ይከሰሳል። ከጅምላ ሻጩ በቀጥታ የሚገዛው እሱ ነው፤ ደረሰኝ አለው፣ መዝገብ አለው፣ በየወሩ በስንት እንደገዛ የሚያሳይ ሂሳብ አለው። አንቀጽ 38ን መለመን አያስፈልገውም፤ አንድ ከሳሽ ነው፣ የተጎዳውም ራሱ ነው፣ ካሳው ቢገኝ በዓመቱ መጨረሻ ለአባላቱ ይወርዳል። ደላላ ነው፣ ኬላ ነው የሚለው ክርክርም በስድብ ሳይሆን በሰነድ ይጀመራል።

ብዙዎቻችን አባል አይደለንም። አባል የሆነውም ጠቅላላ ጉባኤ ሲጠራ አይሄድም፤ የሚሄዱት አዛውንቶች ናቸው፣ አጀንዳውም ብዙውን ጊዜ የወንበርና የኪራይ ነው። በሚቀጥለው ጉባኤ አንድ ወጣት እጁን አውጥቶ የ2015ቱ ጤፍ የተገዛበት ደረሰኝ የት እንዳለ ቢጠይቅ ሊቀ መንበሩ ግራ ይጋባ ይሆናል። ፋይሉ ግን ከቢሮው ቁም ሳጥን ውስጥ መኖር አለበት።